ሦስተኛው አልጋ

አንሶላው ገና ይንጠባጠባል። ሙሉብርሃን የቆርቆሮውን በር ገፋ አድርጎ አንድ እግሩን እንዳስገባ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው፤ ከፓፓያው ግንድ እስከ ጓዳው ጥግ በተወጠረው ሽቦ ላይ ተሰጥቷል፤ ዳር ዳሩ በሰማያዊ ክር የተጠለፈ ነው። ከጎኑ አልጋው ቆሟል። ከቤት ወጥቶ፣ ፍራሹ ራቁቱን ቀርቶ፣ የረፋዱ ፀሐይ ያርፍበታል። አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ወጣት ካኪ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጫማውን ይወለውላል።

ሙሉብርሃን ደስ አለው። ለዛሬው በዓል ያጠቡት መሰለው።

«ማንን ፈልገው ነው፣ ጓድ?» አለ ወጣቱ ብድግ ብሎ። ቅን ፊት አለው። የጫማውን ቀለም ፍራሹ እንዳይነካ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ወይዘሮ ሸዋወርቅን።»

«እማማ! ሰው መጥቶብዎታል!»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ከጓዳ ወጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራረጉና ሙሉብርሃንን አዩት። ባለፈው ጊዜ እዚሁ በር ላይ ሁለቱን ጉንጮቹን ስመው ሦስተኛ ጨምረውለት ነበር። ዛሬ በርጩማውን በእጃቸው አሳዩትና ውሃ ሊያመጡለት ተመልሰው ገቡ።

እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቦርሳውን ከፈተ። ውስጡ የሳቸው ነገር የተጻፈበት ጋዜጣ አለ፤ ለሳቸው፣ ለጎረቤት፣ ለሚፈልግ ሁሉ እንዲዳረስ ብሎ ጥቂት ቅጂ ይዟል። ከአዲስ አበባ እስከ ናዝሬት እንዳቀፈው ነው የመጣው። ሞጆ ላይ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ በአውቶቡሱ መስኮት ሲገባና ሰው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ እሱ ፈገግ ይል ነበር። እንዲህ ደስ ብሎት ወደ ሥራ ከሄደ ስንት ጊዜው።

ጋዜጠኛ ነው። በመንግሥት ጋዜጣ ላይ የእርሻ ዓምድ አዘጋጅ ነበር። ባለፈው ዓመት፣ አገሩ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ቀይ ጨርቅ መስቀል ሲጀምር፣ እሱ ወሎ ደርሶ መጣና መንገድ ዳር የወደቀውን ረሃብተኛ እየቆጠረ ጻፈ። አለቃው ገሠሠ ጽሑፉን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «ትንሽ ቀንሰው» አለው። «ያየሁትን ቁጥር አልቀንስም» አለ ሙሉብርሃን። ጽሑፉ መሳቢያ ገባ፣ ጸሐፊው ደግሞ የመጨረሻው ገጽ ላይ ተጣለ። የመጨረሻው ገጽ የሲኒማ ቤት ማስታወቂያ፣ የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታና የለቅሶ ምስጋና የሚወጣበት ነው። እዚያ መሐል «ማረፊያ» የሚባል አዲስ ዓምድ ተከፈተለት፤ ሠራተኛው በዕረፍቱ ቀን፣ መንገደኛው በመንገዱ፣ የት ደርሶ የት ቢያድር እንደሚሻለው የሚያስረዳ። የእርሻው ሰው የአልጋ ሰው ሆነ።

በዓሉ አለፈ፣ የረሃቡም ነገር አደባባይ ወጣ። የትናንት ባልደረቦቹ በየአውሮፕላኑ ወደ ሰሜን ሲሳፈሩ እሱ የላንጋኖን ትንኝና የዝዋይን ፍራሽ ይጽፋል። ወደ ቦታው እንዲመልሰው ገሠሠን ለመነው። «አንባቢ እኮ ወዶሃል» አለው ገሠሠ። እውነቱን ነበር። የባሰው ደግሞ ሙሉብርሃን ራሱ ሥራውን እየወደደው መጥቷል። አንሶላ አሽትቶ የባለቤቱን ጠባይ የሚናገር ሰው ሆኗል፤ ይህንን ለሚስቱም ቢሆን አይነግርም።

ናዝሬት የመጣው በጥር ነበር። የሶደሬ ማረፊያ በፍል ውሃ ፈላጊ ሪህተኛ ሞልቶ፣ የከተማው ሆቴል ደግሞ በስብሰባ ተይዞ፣ ሜዳ ላይ ሊያድር ሲል አንድ የአሰብ መስመር ሾፌር አዘነለት። «ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ፓፓያ ያለበት ግቢ። እትዬ ሸዋወርቅ በል» አለው። ከአዋጁ ወዲህ ትርፍ ቤት የመንግሥት ነው፤ ሰው በገዛ ቤቱ አንዲት ክፍል አከራየ ከተባለም የሚጠይቀው አያጣም። መንገደኛ ግን አዋጅ አይቶ አይመሽበትም። ስለዚህ ወይዘሮ ሸዋወርቅ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ሰው በራቸውን ሲያንኳኳ ገና ሳይገባ፣ እዚያው ደፉ ላይ አቁመው ዘመድ ያደርጉታል።

«ማነህ ካሉህ የአምባዬ ልጅ ነኝ በል» አሉት ያን ዕለት። «አምባዬ የፍቼው ወንድሜ ነው። ሞቷል፤ ነፍሱን ይማረው። አንተ ግን ልጁ ነህ።»

አምባዬ በሕይወት ሳለ አንድም ልጅ አልነበረውም። ከሞተ በኋላ ግን የአሰብ ሾፌር ወለደ፣ የጅማ ሒሳብ ሠራተኛ ወለደ፣ ጉልበቷን የሚያማት የአሰላ መምህርት ወለደ። የሰፈሩ ሰው አዲስ ፊት ወደ ፓፓያው ግቢ ሲገባ ባየ ቁጥር «አምባዬ ዛሬም ተገላገለ» ይባባላል፤ ከዚያ አልፎ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ኪራይ የሚባል ቃል እዚያ ቤት አይነሳም። እንግዳው ጠዋት ሲሄድ የሚገባውን ትራሱ ሥር ያኖራል፤ ወይዘሮ ሸዋወርቅ አልጋውን ሲያነጥፉ ያገኙታል። በእጅ ሰጥቷቸው የሚያውቅ የለም፤ ቢሰጣቸውም አይቀበሉም። ባላቸው ጆቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ የኖሩት በዚህ ነው።

ሁለት የእንግዳ አልጋ አለ። ሦስተኛው በጓዳው በኩል ነው፤ አጎበሩ ተዘርግቶ፣ ዳሩ በሰማያዊ ክር የተጠለፈው አንሶላ ተወጥሮ፣ ትራሱ ላይ የራስ ጉድጓድ ሳይጠፋ። ያን ማታ ሙሉብርሃን ወደዚያ ሲያይ አይተውት ራሳቸው ፋኖስ ይዘው አሳዩት።

«የሆራ ነው። ልጄ። በብሔራዊ ውትድርናው የመጀመሪያ ዙር ነው የወሰዱት። አንድ ጊዜ ከደቀመሐሪ በሰው ሰላምታ ልኮልኛል።» ከዚያ አጎበሩን መልሰው ጣሉት። «ሰው አላስተኛበትም።»

ሊጽፍ እንዳሰበ ነገራቸው። «ጻፍ» አሉት። «ብቻ እንግዳ በል። ተከራይ እንዳትል።»

እሱም እንዳሉት አደረገ፤ እንዲያውም ተጠበበበት። ስማቸውን አልጠቀሰም። «በናዝሬት ከተማ፣ የባቡሩ ጡሩምባ በሚሰማበት ሰፈር፣ ፓፓያ ባጠላበት ግቢ አንዲት እናት አሉ» ብሎ ጀመረ። «ሦስት ንጹሕ አልጋ አላቸው። ለመንገደኛ እንግዳ በራቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን ለገንዘብ ዘርግተው አያውቁም።» ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሲጨርስ ብዕሩን አስቀምጦ ለብቻው ሳቀ። አንዲት ውሸት የለበትም። አዋጁም አይነካቸው፣ ክብራቸውም አይቀር።

ጽሑፉን ከበላይ ያለ ሰው አነበበው፤ ወደደው። በየውይይት ክበቡ እንዲነበብ ታዘዘ። ዛሬ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ወይዘሮ ሸዋወርቅ በአርአያ እናትነት ሊሸለሙ ነው። ገሠሠ ትናንት ጠርቶት «ይህን በዓል አሳምረህ ጻፍልኝና ሰኞ ወደ እርሻ ዓምድህ ትመለሳለህ» ብሎታል።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ውሃውን ይዘው ወጡ። ወጣቱ ጫማውን አድርጎ ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ። ሙሉብርሃን ጋዜጣውን አቀረበላቸው። ተቀበሉትና ሳይዘረጉት በርጩማው አጠገብ አኖሩት።

«አንብበውልኛል» አሉ። «የቀበሌው ሊቀመንበር ገርባ ራሱ መጥቶ ነው ያነበበልኝ። እንግዳ አልክ፤ እንዳልኩህ። ተከራይ አላልክም። ጥሩ ጽፈሃል።»

«ይህ ወጣት ማነው እትዬ? የአምባዬ ልጅ ነው?» አለ ሙሉብርሃን፤ ሊያስቃቸው ፈልጎ።

«የአንተ ልጅ ነው።»

አልገባውም።

«ከየወረዳው ለፖለቲካ ትምህርት የመጡ ናቸው። ማደሪያ ጠፋ። እዚህ ያለ ገንዘብ የምታሳድር እናት አለች ተባለ። ስንት አልጋ አላት? ጋዜጣው ላይ አለ፤ ሦስት። ሦስት ሰው ላኩልኝ።» ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። «ትምህርቱ እስከ ክረምት ነው አሉ። ከዚያ ሌሎች ይመጣሉ።»

ሙሉብርሃን አልጋውን ዞሮ አየው። ፍራሹ መሐሉ ጎድጎድ ብሏል።

«ሁለቱን ይተኙበት» አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ። «ይርበኛል እንጂ ሌላ ምን እሆናለሁ። ጠዋት ጠዋት ትራሳቸውን አነሳለሁ፤ እጄ ለምዶ ነው እንጂ ምንም እንደሌለ አውቃለሁ። እሱን እንኳ ተወው።» ፊታቸውን ወደሱ መለሱ። «ሦስተኛውን ለምን ጻፍከው?»

ሙሉብርሃን አፉን ከፈተ። ለአለቃው፣ ለካድሬው፣ ለሚስቱ መልስ አጥቶ አያውቅም። አሁን ያገኘው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«አየሁት።»

«እኔም እኮ እንድታየው ነው ያሳየሁህ» አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ። «እንድትጽፈው መች አልኩህ?»

ነፋስ አንሶላውን አነሳውና መልሶ ጣለው። ሁለቱም ወደዚያ ተመለከቱ።

«ዘገዬ ነው ያጠበው። አሁን የወጣው ልጅ። ጨዋ ልጅ ነው፤ እናት ያሳደገችው። ለበዓሉ ላግዝዎት ብሎ በሌሊት ተነስቶ በሳሙና አጠበልኝ።» እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ጣቶቻቸው እርስ በርስ ተያዙ። «እኔ አላጥበውም ነበር። አወጣዋለሁ፣ ነፋስ አስመታዋለሁ፣ መልሼ አነጥፈዋለሁ። ሆራ ከሄደ አንድ ቀን ውሃ አልነካውም። ትራሱን ብቻ ሳይመጡ ቀድሜ ደበቅኩ። ትራሱ አለኝ።»

ሙሉብርሃን የሰጡትን ውሃ ሳይጨርስ ተወው። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጦ ብድግ አለ። «አስተካክለዋለሁ» አለ። «ማርያምን እትዬ፣ አስተካክለዋለሁ።»

ገርባን ያገኘው አዳራሹ ደጃፍ ላይ ነው፤ መሰላል ላይ ሆነው ቀይ ጨርቅ የሚሰቅሉ ሰዎችን እያዘዘ። ወፍራምና ሳቂታ ሰው ነው። የሟቹ የጆቴ የባቡር ባልደረባ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ጓድ ጋዜጠኛ! አዳማ በደህና ገባህ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ስህተት አለ። የወይዘሮ ሸዋወርቅ አልጋ ሁለት ነው።»

ገርባ እየሳቀ ክንዱን ያዘና ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰደው። እዚያ ሲደርሱ ሳቁ አልነበረም።

«ሆራ እዚህ ትከሻዬ ላይ ነው ያደገው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሱ አልጋ መሆኑን የማላውቅ ይመስልሃል? የአምባዬ ልጆች ከየት ከየት እንደሚመጡስ የማላውቅ ይመስልሃል? ሁሉን አውቄ ዓይኔን ጨፍኜ ኖርኩ። እሷም ኖረች። አንተ መጥተህ በጋዜጣ ቀሰቀስከኝ።»

«እንግዲያው ሁለት ነው ይበሏቸው።»

«የመንግሥት ጋዜጣ ሦስት ብሎ፣ ገርባ ሁለት ቢል ማነው ውሸታሙ?» ወደ መሰላሉ አየት አድርጎ ተመለሰ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ጋዜጣህ ሁለት ይበል። እሱ ሁለት ካለ እኔ ዛሬውኑ ያን ልጅ ከዚያ አልጋ አስነስቼ ቤቴ ወስጄ አስተኛዋለሁ። ወላሂ አስነሳዋለሁ።» ክርስቲያን ነው፤ ነገሩ የምር ሲሆን ግን እንደ ናዝሬት ሰው ሁሉ ወላሂ ይላል።

ሙሉብርሃን ወደ ቴሌ ሮጠ ቢባል ይቀላል። ሙቀቱና አቧራው ፊቱን እየገረፈው፣ የጋሪ ፈረስ እየሸሸ፣ በልቡ ቃሉን ያሰናዳ ነበር፦ በ«ማረፊያ» ዓምድ ሦስት አልጋ ተብሎ የወጣው ሁለት አልጋ ተብሎ ይነበብ። አንድ መስመር ብቻ ናት። ጋዜጣው በየሳምንቱ እንዲህ ያለ እርማት ያወጣል፤ የሟች አባት ስም ያርማል፣ የጨረታ ቀን ያርማል። ተራው እስኪደርስ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሲጠሩት ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ እጀታውን ያዘ።

«እርማት?» አለ የገሠሠ ድምፅ ከአዲስ አበባ። «ለአልጋ?»

«አንድ መስመር ናት ገሠሠ። የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ጣላት።»

«ሦስቱን አልጋ ማን እንዳነበበው ታውቃለህ? አሁን ተነስተን ሁለት ነው ብንል፣ አንደኛውን ማን በላው ሊሉን ነው?» ገሠሠ ሳቀ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ነገሩ እውነትም አስቆት ነው። «ደግሞስ አልጋው ነበረ ወይስ አልነበረም?»

«ነበረ። ግን የልጃቸው ነው። ወታደር ነው።»

«ነበረ?»

«ነበረ።»

በሽቦው ውስጥ የሌላ ሰው ወሬ ገብቶ አለፈ፤ ስለ ሽንኩርት ጭነት የሚያወራ ነጋዴ።

«ታዲያ» አለ ገሠሠ፣ «ያየሁትን ቁጥር አልቀንስም ያልከኝ አንተ አልነበርክም?»

ስልኩ ሲዘጋ ሙሉብርሃን እጀታውን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆየ። የሠራውን ሁሉ በአንድ ልብ ነው የሠራው። ወሎ ላይ የወደቀ ሰው አየ፣ ቆጠረ፣ ጻፈ። ናዝሬት ላይ አልጋ አየ፣ ቆጠረ፣ ጻፈ። የመጀመሪያውን የከለከሉት ጊዜ ኩራት ተሰምቶት ነበር። ሁለተኛውን ምነው ከልክለውኝ በነበር አለ። ከውጭ የስልክ ተራ የሚጠብቅ ሰው መስተዋቱን በሳንቲም ቆረቆረበት።

አዳራሹ ከሰዓት በኋላ ጢም ብሎ ሞላ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ መድረኩ ላይ፣ ከአውራጃ ከመጣው ጓድ አጠገብ፣ ነጭ ነጠላ ተከናንበው ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ሰው ወንበሩን ሞልቶታል፤ ስለ አምባዬ የሚቀልድ ግን አንድም የለም። ሙሉብርሃን ሲያልፍ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከነሱም በአንዳንዶቹ ቤት እንዲሁ ደፍ ላይ ዘመድ የተደረጉ መንገደኞች አድረው ይሆናል። ፊተኛው ወንበር ላይ ዘገዬና ሁለቱ ጓደኞቹ ጋዜጣ በእጃቸው ይዘው ተደርድረዋል።

ገርባ ተነስቶ፣ ጽሑፉን ጸሐፊው ራሱ እንዲያነብልን እንጋብዛለን አለ። ሲናገር ሙሉብርሃንን አላየውም። ጭብጨባ ሆነ።

ሙሉብርሃን ጋዜጣውን ዘርግቶ ቆመ። ስለ ባቡሩ ጡሩምባ አነበበ፤ ስለ ፓፓያው ጥላ አነበበ። ድምፁ ደህና ነበር። ዓይኑ ከመስመሩ ቀድሞ ቃሏን አያት፤ ወፈር ብላ ታትማለች። ሰኞ ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀውን የእርሻ ወረቀት አሰበ፤ ወዲያው ደግሞ ትራሱን አሰበ፣ የት እንደተደበቀ እንኳ አያውቅም።

«ሁለት ንጹሕ አልጋ አላቸው» ብሎ አነበበ።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቀና አሉ። ጠዋት ከገባ ጀምሮ ያን ጊዜ ነው በሙሉ ፊታቸው ያዩት። ገርባም አየው፤ ወረቀት ሲቆጥር የነበረው እጁ ቆመ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቃሉ አዳራሹ ውስጥ ቆየ፣ ማንም አልነካውም።

«ሦስት!» አለ ዘገዬ።

በክፋት አይደለም። ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ አብሮ ሲያነብ ነበር፤ ከእማማ ክብር አንድ አልጋ እንኳ እንዲጎድል አልፈለገም። ተነስቶ ጋዜጣውን ወደ ሕዝቡ አዞረ። «ሦስት ነው የሚለው ጓድ! እኔ ራሴ በሦስተኛው ላይ ነው የምተኛው!»

አዳራሹ ሳቀ፤ ከዚያ አጨበጨበ። የአውራጃው ጓድ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ገርባ «ጸሐፊያችንን የአዳማ ሙቀት መታው» አለና እሱም የግዱን ሳቀ። ሙሉብርሃን ቆሞ ቀረ። ጭብጨባው ጋብ እስኪል ጠብቀው ሁሉም ወደሱ አዩ፤ ማንበብ ነበረበት።

«ሦስት» አለ፤ ቀሪውን አነበበ።

ሽልማቱ የምስክር ወረቀትና ብርድ ልብስ ነው። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ለደጋ ጦር የተሠራ ብርድ ልብስ፤ ሰው በአንሶላ እንኳ በሚያልበው አገር። የአውራጃው ጓድ ብርድ ልብሱን በወይዘሮ ሸዋወርቅ ክንድ ላይ አኖረና አንድ ነገር እንዲሉ ጠየቃቸው። እሳቸው ወደ ማይክሮፎኑ አልቀረቡም፤ ባሉበት ሆነው ተናገሩ።

«ሦስተኛው የልጄ ነው።»

«እውነት ነው እናታችን!» አለ የአውራጃው ጓድ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የእናት አገር ልጅ ሁሉ ልጅዎ ነው!» ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። መፈክር ተባለ፤ እጅ ተነሣ። ከጭብጨባው ሥር ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሌላም ነገር ያሉ ይመስላል፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሙሉብርሃን አይቷል። የሰማ ግን የለም። የአርአያዋ እናት ቤት ከዛሬ ጀምሮ ጥበቃ እንዲመደብለት መወሰኑን ገርባ በመጨረሻ ተናገረ፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ብርድ ልብሱን ሙሉብርሃን ተሸክሞላቸዋል። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ጣቢያው ደርሶ ጡሩምባውን ነፋ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቆም አሉ፤ ባቡር በመጣ ቁጥር የሚቆሙ ይመስላል፤ ከዚያ እንደገና መራመድ ጀመሩ። ሙሉብርሃን ይቅርታ ለማለት አንድ ሁለቴ ጀመረ። ቃሉ ግን ሁሉ አንሶ ታየው። እርማት የሚወጣለት ስህተት አልነበረም።

በሩ ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። ሥራው አዲስ ስለሆነ ይኮራበታል። ለወይዘሮ ሸዋወርቅ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ሙሉብርሃንን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«እማማ፣ ሰውዬው ማናቸው?»

ሙሉብርሃን መልሱን ያውቀዋል። የአምባዬ ልጅ ነኝ፤ አምባዬ የፍቼው ወንድማቸው ነው። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲሉለት ምን ያህል እንደፈለገ ያን ጊዜ ነው የገባው። ሰኞም፣ የእርሻ ዓምዱም፣ ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ዞረው አዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ደክሟቸዋል። እጃቸውን ዘርግተው ብርድ ልብሱን ተቀበሉት።

«እንግዳ ነው» አሉ።

«ያድራሉ?» አለ ዘበኛው።

«አያድርም። አልጋው ሞልቷል።»

ገቡ። ሙሉብርሃን እዚያው ደፉ ላይ ቆመ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር፤ በክፍተቱ ዘገዬ አልጋውን ከፓፓያው ሥር አንስቶ በጥንቃቄ ወደ ጓዳው ሲያስገባ ይታያል። አንሶላው ሽቦው ላይ ደርቋል። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ብርድ ልብሱን መሬት ላይ ጥለው ወደ ሽቦው ሄዱ፤ አንሶላውን በሁለት እጃቸው አወረዱትና ፊታቸውን አስገቡበት። ለረጅም ጊዜ አሸተቱት። ከዚያ ሰማያዊው ጥልፍ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርገው አጠፉት፤ ለዘገዬ ሊያነጥፉለት ገቡ።

ዘበኛው በሩን መለሰው።